ጠባሳ ያልተወ ሕክምና

በዚህ ነገር ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ላስቀድም። መጀመሪያ ልጄ፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀጥሎ እናቷ፣ ሕመሙን ከሁላችን ቀድማ ያስተዋለች። ከዚያ የእድራችን ዳኛ፣ ከቃላቸው የማይነቃነቁ ሽማግሌ። አዲስ አበባ ያገኘናት ሐኪም። በመጨረሻ እኔ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ድንች የምተክል፣ ንባብ በራሴ ጥረት የተማርሁ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን በወጉ ይሥራ ባይ።

ልጄ ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ደረቷ ላይ መዳፍ ሲያሳርፉ ከልብ ምቷ ሌላ የሚነዝር ነገር አለ። እናቷ «እዚህ ውስጥ ንብ ገብቷል» ትል ነበር። ቆሰበር ያለው ሐኪም ቤት ወደ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ላከን። ሕፃን ሲወለድ መዘጋት ያለበት የደም ሥር ክፍት ቀርቷል፤ እንዲህ ከቀጠለ ልቧ ደክሞ ትሞትብናለች ተባልን። ሕክምናው በነጻ ነው፤ መጓጓዣና ማደሪያ ግን የራሳችን።

እድር ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም። ይህን ደንብ ካጸኑት አንዱ እኔ ነኝና አልጠየቅሁም። ዳኛው ግን ሰምተው መጡ። መዳፋቸውን ልጄ ደረት ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«የእድሩ ሣጥን አይከፈትም» አሉ። «የኔ ኪስ ግን ደንብ የለውም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «የልጅቷ ደረት ሊቀደድ ነው» እያሉ ከየሰዉ ለመኑልን። እኛም የመሰለን እሱ ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሟ ግን «መቅደድ የለም። በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተን ክፍቱን በትንሽ መድፈኛ እንዘጋዋለን» አለችኝ። እሺ አልሁ፤ አላመንሁም። የተነደለ ቦይ ከሩቅ ሆኖ ይደፈናል?

ልጄ ከሕክምናው ክፍል ስትወጣ ልብሷን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ደረቷ ላይ ጭረት የለም። መዳፌን አሳረፍሁ፤ ዝም።

«ልጄን ምን አደረጋችኋት?» ብዬ ጮህሁ።

አብራት የወጣችው ነርስ ሳቀች። «አባ፣ እጅዎን አያንሱ። ትንሽ ይጠብቁ።»

ጠበቅሁ። ልቧ በእርጋታ ይመታል። የጠፋው ንቡ ነው። ሰው ፊት ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አላፍርበትም።

አገር ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ።

«ጠባሳዋን አሳዩና!» አለ አንዱ። «ወይስ ለአዲስ አበባ ሽርሽር ነው ያዋጣነው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልተቆጣሁምም። የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። ችግሩ፣ ምልክቱ ያለው ብሽሽቷ ላይ ነው፤ እሱም የመርፌ ያህል ነው። እናቷ ልጇን አቅፋ «የሴት ልጅ ገላ ለአደባባይ አይገለጥም» አለች። ልክ ናት። በዝምታችን ግን ሌባ ልንባል ነው።

ዳኛው በከዘራቸው ሰዉን ከፍለው መጡ። እንደ በፊቱ መዳፋቸውን ከቀሚሷ ላይ አሳረፉ። 

«ንቡ ወጥቷል» አሉ። «ያላመነ ከልጅቷ ጋር ዳገቱን ይውጣ!»

«እሽቅድምድም ነው?» አለች ልጄ፤ መልስም አልጠበቀች። ሽርሽር ያለው ሰውዬ እየሳቀ ተከተላት። ጫፍ ደርሳ ስትጣራ ድምፅዋ አልተቆራረጠም።

ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም፤ እኔ ግን ሰጪን ማመስገን ሒሳብን ከመንገር ይጀምራል እላለሁ። በማግስቱ ሰዉን ሰብስቤ ተናገርሁ፦ የእነሱ መዋጮና እኔ የሸጥሁት በግ ዋጋ አንድ ላይ ተደምሮ፣ ለመኪና፣ ለማደሪያና ለምግብ የወጣው ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር ነው።