ለዶሮዎቹ የሰጠሁት ፉርሽካ

በዚያ ድርቅ ዘመን ሐይቁ ሞልቶ እያየነው እርሻችን ነደደ። ባሌን ለሰፈራ ብለው በመኪና ጭነው ከወሰዱት ወዲህ የቀረችኝ ጡት ከጣለች ብዙም ያልቆየች አንዲት ልጅ ነበረች። እሷንም ተቅማጥ ይዟት ሰነበተ። እሱ ቀለል ሲልላት ጉንፋን ተከተለ። ጉንፋኑ ደረቷ ላይ ወረደና በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰምጥ ጀመር።

ከቀበሌ ትንሽ የእርዳታ ስንዴ ደርሶኝ ነበር። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ያልተነፋ ዱቄት ማቅረብ ነውር ነው። ስንዴውን ወቅጬ፣ ፈጭቼ፣ በወንፊት ደጋግሜ ነፋሁና በነጩ አጥሚት ሠራሁላት። ልጄ ከዳነች በዚህ ነጭ ዱቄት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ፉርሽካ ለጎረቤቴ ሰጠሁ።

“ለዶሮዎችሽ” አልኳት።

ዶሮዎቹ ካለቁ ቆይተዋል። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን የልጆች እናት ናት፤ ፉርሽካ አብያቸው እንዴት ይባላል? “ዶሮዎቼ ይመርቁሽ” ብላ ተቀበለችኝ። ሰው ሲራብ ይሉኝታው አብሮት አይራብም።

ልጄ ሲብስባት አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና ረዳቱን ሁላችንም ዶክተር እንለው ነበር። መርፌ ውጋልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

“እህቴ፣ ይሄ ቫይረስ ነው፤ እሱን የሚገድል መርፌ የለኝም” አለኝ። “የሚታገለው የገዛ ሰውነቷ ነው። ማግኒዚየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ያለ እሱ ሰውነት በሽታን በቅጡ አይከላከልም። ረሃቡና ተቅማጡ ከሌላው ሁሉ ጋር እሱንም አሟጠውባታል። ምን እያበላሻት ነው?”

ዱቄቱን እንዴት አድርጌ እንደምነፋ በኩራት ነገርኩት። አቀረቀረ።

“እሱ በብዛት ያለው እኮ በምትጥይው ፉርሽካ ውስጥ ነው” አለ። “መድኃኒት አይደለም፤ ያድናታል ብዬም አልዋሽሽም። ግን ሳትነፊ ብትሠሪላት ይሻል ነበር።”

እንግዲያው የማግኒዚየሙን እንክብል ስጠኝ አልኩት። ባዶውን መደርደሪያ አሳየኝ።

ተናደድኩ። በእሱም፣ በወንፊቱም፣ በፈጣሪም ተናደድኩ። ስንዴው አልቋል፤ ቀጣዩ እደላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ልጄን እንዳዘልኩ በቀጥታ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ።

ልጆቿ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠዋል። እነሱንም ያው ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ አሁን ግን እየተጎነታተሉ ይስቃሉ። በፉርሽካው ይሁን በዕድላቸው ማን ያውቃል? እንዴት እንደምጠይቃት ጨነቀኝ።

“ከዚያ… ለዶሮዎቹ ካልኩሽ የተረፈ አለ?”

“ወላሂ ዶሮ የለኝም” አለችኝ። እስከዚያ ቀን አፍ አውጥታ ብላኝ አታውቅም። ፉርሽካውን ያኖረችበትን ቅል አወረደች። “አብሽሪ ሆዴ፣ ሁሉንም ውሰጂው። አላህ ያሽርልሽ።”

ልጆቿ ሳቃቸውን አቁመው እጄን እጄን ያያሉ። አንዳቸውም አላለቀሱም። እኔም ሁሉንም ወሰድኩ።

ከፉርሽካው ጥቂት አፍልቼ ለልጄ በማንኪያ አቀረብኩላት። ትንሽ ዋጠች፤ ቀጥሎ ያለውን በምላሷ ገፋችው። በማግስቱ ቀትር ላይ ትንፋሿ ቆመ።

ከቀብር መልስ የተረፈውን ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆማ ከለከለችኝ። “የልጅሽን ቀለብማ አልቀበልሽም፤ ሐራም ይሁንብኝ” አለች እያለቀሰች። ገፋ አድርጌያት ገባሁና ድስቷ ውስጥ ገለበጥኩት። ከልጄ ጋር አብራ ትጫወት የነበረችው ትንሿ ልጇ እየዳኸች መጥታ፣ እንዲበስል እንኳ ሳትጠብቅ፣ በእጇ ዘግና አፏ ውስጥ ከተተችው።

“ብዪ” አልኳት። “ቀስ ብለሽ፣ እያኘክሽ።”

ቀብሩ ላይ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እዚያ ድስት ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።