ጠረጋው ከግርጌ ይጀመር

የሺን ስድስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃው ለምን እኔ ማሳ አይደርስም?

ከመርሳ በስተምሥራቅ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ከተኬደ በኋላ፣ ከወንዝ ተጠልፎ ሃምሳ ስምንት ቤተሰብ የሚያጠጣ የአፈር ቦይ አለ። ወንዙ የሚጠለፍበትን ቦታ ሰዉ «አፉ» ይለዋል። ለአፉ የቀረቡት ማሳዎች ራስጌ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ግርጌ ናቸው። የየሺ ማሳ ከላይ ሲቆጠር ሃምሳ ሦስተኛው ነው። በየስምንት ቀኑ ተራዋ ይደርሳል፤ ውሃው ግን አይደርስም። ቢበዛ እንደ ላብ አፈሩን ወዝ አድርጎ ይቀራል። ሽንኩርት ደግሞ በወዝ አይበቅልም።

የሺ የጉባ ላፍቶ ደጋ ልጅ ናት። እዚያ ውሃ ከሰማይ ይወርዳል እንጂ ሰው ተቀምጦ አይከፋፈለውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አስፋውን አግብታ ወደዚህ ወደ ሀብሩ ስትወርድ፣ ወንዝ በተራ እንደሚታደል ስታይ ገርሟት ነበር። «ማን ነው የሚያድለው? ለምን በስምንት ቀን? ለምን በሰባት አይሆንም?» እያለች ባሏን ታደርቀው ነበር። አስፋው የሚመልሰው ከልቡ ነበር፤ ያላወቀውን ግን «ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ሲሞት አካፋውን አንሥታ ወደ ቦይ ጠረጋ ወጣች፤ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚባለውን ነገር በዓይኗ ያየችው ያኔ ነው።

ጠረጋው እንዲህ ነው። ክረምቱ ከተራራው ያወረደው ደለል ቦዩን ስለሚደፍነው፣ ጥቅምት ሲገባ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል። ሥራው የሚጀመረው አፉ ላይ ነው። የውሃ አባቱ አያ አብዱልሐሊም ዱዓ ያደርጋሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ሰው በውሃ ሲጣላ የሚዳኝ፣ ሁሉም የመረጠው ሽማግሌ ነው። ምርቃቱ እንዳለቀ የመጀመሪያውን አካፋ እሳቸው ይመታሉ፣ በዱዓው ላይ የተገኘው ሰው ስሙ ለተራ ይጻፋል፣ ከዚያ ሕዝቡ እየጠረገ ወደ ታች ይወርዳል።

እዚህ ድረስ ያማረ ነው። ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ጠረጋው የአንድን ሰው ማሳ ባለፈ ቁጥር፣ ያ ሰው አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ወዴት ነህ?» የሚለው የለም። የራሱን ጠርጓላ!

የሺ በሦስተኛው ዓመቷ ይህን መቁጠር ጀመረች። አንድ ሰው አካፋውን ባነሣ ቁጥር እዚያው ቦዩ ዳር ጠጠር ታስቀምጣለች። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሃምሳ ስምንት ነበሩ፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ሃያ አንድ። ግርጌ ሲደረስ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፤ ከዘጠኙ አምስቱ ሴቶች። የሰዉን ሁሉ ቦይ ጠርገው የራሳቸው ዘንድ ሲደርሱ ክንዳቸው አልቋል።

ግን ይህ ድካሙን እንጂ የውሃውን መጥፋት አይገልጠውም። ስለዚህ የሺ ቦዩ ውስጥ ገብታ ወለሉን በስንዝር እየለካች ወጣች። ያገኘችው ነገር ቀስ ተብሎ ቢታይ ደስ የሚል ዕውቀት ነው። ሃምሳ ስምንት ሰው የቆፈረው የራስጌ ወለል አንድ ክንድ ይጠልቃል። ዘጠኝ ሰው የጫረው የግርጌ ወለል ስንዝር አይሞላም። ጥልቁና ጭርጭሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ መሃል ላይ፣ ከደለል የተሠራ ደፍ ይቀራል። ውሃ እንደ ፍየል ደፍ አይዘልም። መጀመሪያ ከደፉ በላይ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ በጎንና በጎን ወደ ራስጌ ማሳዎች ይገባል፣ ተራቸው ሆነም አልሆነም። ወደ ታች የሚወርደው ከዚያ የተረፈው ነው። እንግዲህ የግርጌ ሰዎች በየዓመቱ በገዛ ጉልበታቸው ለራስጌ ኩሬ ሲቆፍሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ይህን ያወቀች ቀን ውስጧ ነደደ። ቤቷ ገብታ ራት አልበላችም።

መድኃኒቱም ከነበሽታው ታይቷት ነበር። ባለፈው መስከረም በተጠቃሚዎቹ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች። ያን ቀን ከአንድ ፕሮጀክት የመጣ ባለሙያ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚሞላ ቅጽ ይዞ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ስዩም ነው፤ ማሳው ከአፉ አምስተኛ።

«ዘንድሮ ጠረጋው ከግርጌ ይጀመር» አለች።

«ከየት?»

«ከታች። ወደ ላይ እየጠረግን እንውጣ። ያኔ የራስጌ ሰው የራሱ እስኪደርስ አብሮን ይቆፍራል። ተራም የሚጻፈው መጨረሻ፣ አፉ ላይ ስንደርስ ይሁን፤ እኛም የራሳችንን ጠርገን እንዳንሄድ።»

ስዩም ወደ ሰዉ ዞረ። «እቴ የሺ፣ በናንተ ደጋ ውሃ ወደ ላይ ነው እንዴ የሚፈስ?»

ሰዉ አውካካ።

«ወደ ታች ነው የሚፈስ» አለች የሺ። «አንተ ማሳ ሲደርስ ነው የሚቀመጥ።»

«ደክሞት ነው ወላሂ!» አለች የግርጌ ጎረቤቷ ኢሕሳን ከኋላ። «ስዩም ቤት ሻይ ሊጠጣ ጎራ ብሎ ነው!»

አሁን ሳቁ በስዩም ላይ ሆነ። አያ አብዱልሐሊም ግን አልሳቁም። «የሺ ልጄ፣ ዱዓው አፉ ላይ ነው። ከአባቶቻችን የተቀበልነው ይኼን ነው።»

«አያ፣ ዱዓውን መች ነካሁ? ዱዓው አፉ ላይ ይሁን፤ አካፋው ከኛ ይጀመር ነው ያልኩ።»

በዚያ አገር ሰው ልብ ውስጥ ግን ምርቃቱና የመጀመሪያው አካፋ አንድ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ምርቃቱን እንደማፍረስ ሆኖ ተሰማ። ጉምጉምታ ሆነ። ስዩም ይህን አየና «በነባሩ እንቀጥላለን» ብሎ ዘጋው። ወረቀት ዞረ፣ ሁሉም ስሙን አይቶ ፈረመ፣ የሺም ፈረመች።

ጥቅምት ላይ፣ ጠረጋው ሊጀመር አፉ ላይ እንደተሰበሰቡ፣ ስዩም ቃለ ጉባኤውን አነበበ። «ተጠቃሚዎች፣ ሴቶችን ጨምሮ፣ በነባሩ አሠራር መቀጠልን በሙሉ ድምፅ ተቀብለዋል።»

«እኔ መቼ ተቀበልኩ?» አለች የሺ።

«ፊርማሽ ይኸው።»

«የፈረምኩ መምጣቴን ነው!»

«መጥተሽ፣ ተናግረሽ፣ ፈርመሽ። ተሳትፎ ሌላ ምን ነው?»

የሺ አካፋዋን አንሥታ ወደ ግርጌ ወረደች፤ ስምንቱ የግርጌ ሰዎችም ተከተሏት። ከኋላቸው አያ አብዱልሐሊም ዱዓውን ጀምረው ነበር። ጥፋቷ ይህ ነው፣ እሷም አትክደውም። በሐሳቧ በግማሽ የተስማሙት የመሃል ሰዎች እንኳ በምርቃት ላይ ጀርባ መስጠቷን አይተው አፈሩባት። ዘጠኙ በንዴት ሦስት ቀን ቆፈሩ፤ ግርጌው ክንድ ጠለቀ፤ ደፉ ግን ከእነሱ በላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዳለ ነው። በዱዓው አልተገኛችሁም ተብሎ ስማቸውም ለተራ አልተጻፈም።

ዘሩን ሲሪንቃ ድረስ ሄዳ ያመጣችው ሽንኩርት በታኅሣሥ ጫፉ ቢጫ ሆነ። በጥር ግማሹ ተኛ። ያኔ ስዩም ራሱ መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ።

«ለምን ለእኩል አትሰጭኝም? እኔ አርሳለሁ፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ሁለቱ ጎረቤቶችሽ ሰጥተውኛል።»

«ውሃስ?»

«ውሃው የኔ ጣጣ ነው። ይደርሳል።»

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል አልኩሽ።»

የሺ ሽንኩርቷ መሃል ቆማ ቃሉን ደግማ ደጋግማ አሰበችው። ይደርሳል። መሬቱ ያው፣ ቦዩ ያው፣ ርቀቱ ያው። የሚለወጠው የአራሹ ስም ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ንዴቷ በደለል ላይ፣ በልማድ ላይ ነበር። አሁን ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ሆነ። «ከማሳዬ ውጣልኝ» አለችው። እሱም እየሳቀ ወጣ። ሌላ ዓመት እንዲህ ከከረመች መሬቱን የግዷን እንደምትሰጠው ሁለቱም ያውቃሉ።

በማግስቱ አያ አብዱልሐሊም ቤት ሄደች። መጀመሪያ ስለ ዱዓው ይቅርታ ጠየቀች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀጥሎ ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

«አያ፣ አንቱ ግርጌን አይተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን አገላበጡ።

«ይነሡ እንሂድ። ምንም አልናገርም፤ በዘንግዎ ብቻ ይለኩ።»

ሄዱ። በየማሳው ዘንጋቸውን ወደ ውሃው ይሰዳሉ፣ ያወጣሉ፣ እርጥቡን ያያሉ። ራስጌ ላይ አንድ ክንድ። ደፉ ላይ አራት ጣት። የየሺ ማሳ ላይ ዘንጉ ደረቅ አፈር ነካ። አያ አብዱልሐሊም ሽንኩርቱን አዩ፣ ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አርባ ዓመት ውሃ አካፈልኩ» አሉ። «አፉ ላይ ተቀምጬ ነው ያካፈልኩት። ታች አልወረድኩም።» ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ፣ «ዱዓውን ግርጌ ባደርገው አላህ አይቆጣኝም፤ ሰው ነው የሚቆጣኝ። ከሃምሳ ስምንቱ ሠላሳው ጠይቆኝ እንደሁ አደርገዋለሁ። ሰዉን አንቺ አምጭው» አሉ።

የሺ ወደ ቤቷ ስትመለስ እንኳ ንዴቷ አልበረደም። አርባ ዓመት! ግን ሠላሳ የሚባል ቁጥር ተሰጣት፤ ለቁጥር ደግሞ ታውቅበታለች።

አሁን ነሐሴ ነው። ዝናቡ ተራራውን እያጠበ ደለሉን ወደ ቦዩ እያወረደ ነው፤ የሺም በጭቃ የመሃል ሰዎችን ቤት ለቤት ታዳርሳለች። ለራስጌዎቹ ጊዜዋን አላጠፋችም፤ የሚያጡት ነገር አለና። ሃያ ሁለት ሰው አግኝታለች። ዛሬ የቆመችው ናስር ደጅ ላይ ነው፤ ማሳው ሠላሳ አንደኛ።

«እቴ የሺ፣ እኔ ጋ ውሃው ይደርሳል። ምን አግብቶኝ?»

«ካቻምና ደፉ የት ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

«አርባኛው ማሳ ላይ። አምና ሠላሳ ሰባተኛው ላይ። ዘንድሮ በበጋ ለካሁት፣ ሠላሳ አራተኛው ላይ ነው። በየዓመቱ ሦስት ማሳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች የሚቆፍረው ሰው ባነሰ ቁጥር ደለሉ ወደ ላይ ይሞላል። የሚመጣው ዓመት ሲሆን ግርጌ አንተ ነህ፣ ናስር።»

ናስር ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ስዩም እኮ አጎቴ ነው።»

«እኔ ስዩምን ክሰሰው አልኩህ? ና እይ ነው ያልኩህ።»

«ግቢና ተቀመጭ፤ ዝናቡ ያባራና እንሄዳለን።»

«ዝናቡ ሲያባራ ጥቅምት ነው» አለች የሺ። ውሃ ከነጠላዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ደጁ ላይ እንደቆመች ነው። «አልቀመጥም። ጫማህን አድርግ።»