ሜትር የያዘ እንግዳ

የምንኖርበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተብሎ፣ ትናንት የቤት ኮርፖሬሽኑ ሰው ሳሎኔን ሊለካ መጣ። የብረት ሜትሩ «ጥዝዝ፣ ቿ!» ብሎ ሲጠቀለል ድንገት የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ ቀያሽ ነበር። ሌሎች ሰዎች የሚሰፍሩበትን መሬት ሊለካ፣ ባሮ ዳር አሸዋ ላይ ወዳለች መንደር ይዞኝ ሄደ። ከኋላዋ ፀሐይ የማያስገባ ጫካ፣ ከፊቷ አዞ የሞላው ወንዝ፤ ትንኞቹ እንኳ ዶሮ ያክላሉ። «ተቀመጡ» ያለን ሰው የለም። ምላሴ ደርቆ የጫማ ሶል ሲሆንብኝ፣ ደጃቸው ወደተቀመጡ አንዲት እናት ሄጄ «እማማ፣ ውሃ» አልኳቸው። ቅሉን አነሱ፤ የአባቴን ሜትር አዩና ውሃውን እግሬ ሥር አሸዋው ላይ ደፉት።

አለቀስኩ። አባቴ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «አትቀየማቸው። እሳቸውን ብሆን እኔም አልሰጥህም ነበር» አለኝ። የገዛ አባቴ በጥም ሊገድለኝ ነው ብዬ እስከ ጋምቤላ አኮረፍኩት።

የኮርፖሬሽኑ ሰው ግንባሩን ጠረገና፣ «ትንሽ ውሃ ይኖርሃል?» አለኝ በትሕትና።

አንድ ብርጭቆ ጢም አድርጌ ቀዳሁ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጨለጥኩትና «አልቋል» አልኩት፤ ቧንቧው ከኋላዬ ጠብ ጠብ እያለ።