ሦስቱ የቀንድ ማንኪያዎች

የምትወዱት ምግብ ቀርቦላችሁ፣ ሽታው ብቻ ከመቀመጫችሁ አስነሥቷችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ፣ አንድ ክትፎ ቤት ውስጥ ገጠመኝ። የቀንድ ማንኪያው ከንፈሬን ሲነካኝ፣ የቅቤውና የኮረሪማው ሽታ ሲመጣብኝ፣ ጓደኞቼን ትቼ ወጣሁ። ምክንያቱን ከመጀመሪያው ላስረዳ፤ የድርሰት መምህር ነኝና ልማዴ ነው።

ያደግሁት ቸሃ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ይነግድ ስለነበር የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሦስት የቀንድ ማንኪያ ነበር፤ የእሱ፣ የእናቴና የእኔ። ቀንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እናቴ በዓሉ ሲቃረብ በቅቤ ታሻቸው ነበር፤ ሁልጊዜም በአባቴ ማንኪያ ትጀምራለች።

አንድ ዓመት አባቴ «ከመስቀል በኋላ ይዣችሁ እሄዳለሁ» ብሎ ላከብን። የሰፈራችን ሴቶች ውጆ ነበራቸው፤ ቅቤ እያዋጡ በተራ ይወስዳሉ። እናቴ ተራዋን ለዚያ ቀን አቆየች። ልብሳችንን በማዳበሪያ ጠቅልላ በሩ ጥግ አኖረችው። «ከተማ ስንገባ እንዲህ አፍሽን ከፍተሽ እንዳትቆሚ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አባቴ መጣ። ከኋላው አንዲት የከተማ ሴትና በእኔ ዕድሜ የሚሆን ወንድ ልጅ ተከትለውት ገቡ።

«የንግድ ሸሪኬ ናት» አለ።

እናቴ የራሷን ማንኪያ ለእንግዳዋ ሰጠች። ክትፎው በኮባ ቅጠል ቀረበ፤ ቅቤው በእሳቱ ብርሃን ያብለጨልጭ ነበር። ይሄኔ አባቴ የእኔን ማንኪያ ከእጄ መንጭቆ ለልጁ ሰጠው።

«አንቺ የባላገር ልጅ አይደለሽ? በእጅሽ ብዪ።»

ልጁ ማንኪያውን እያገላበጠ፣ «አባዬ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለ።

እኔ ማንኪያዬን ለመቀማት ስንጠራራ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪለት ልጄ። ወንድምሽ ነው።»

አባቴ ቀና እንኳ አላለም። «ካወቅሽ ጥሩ ነው። ቅቤ ጨምሪ» አለ።

ጨመረችለት። በቃኝ እስኪል ጨመረችለት።

ሲሄዱ ማዳበሪያውን እየጎተትኩ እስከ መንገዱ ተከተልኳቸው። አባቴ «መኪናው ሞልቷል» ብሎ በሩን ዘጋው። ከኋላ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ የልጁን ኳስ አስቀመጡበት። ከዚያ ወዲህ ለመስቀል መጥቶ አያውቅም።

እናቴ ግን በየዓመቱ ሦስቱንም ማንኪያዎች ማሸቷን አልተወችም። አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ «የእሱን ደግሞ ለምንድን ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«ቀንዱ ምን በደለ?» አለችኝ።

አምና አረፈች። ማንኪያዎቹ አሁን ወልቂጤ፣ የኪራይ ቤቴ መስኮት ላይ ናቸው። የእሷ ከመሃል ተሰንጥቋል። ለካ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቅቤው ለሦስቱ አይበቃም ነበር። የእሱ እንደ አዲስ ያበራል።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ስለ ቤተሰባችሁ ስትጽፉ «እናቴን እወዳት ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አንሡና ማን ከማን እጅ እንደወሰደው ጻፉ። ከዚያ የማን እንደተሰነጠቀ ደህና አድርጋችሁ እዩ።