አራት እፍኝ ማሽላ፦ ከደሴ እስከ ቆቦ

ንጋት፣ ደሴ

አክስቴ ከዲጃ ሁለት እጄን አስገጥመው ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽላ ያሳፈሱኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ቆቦ እሳቸው ዘንድ ነበር የምከርመው። ከጎኔ የአጎቴ ልጅ ዘሃራ ትቀመጣለች፤ እኩያዬ ናት። “የአምስት ነፍስ ፊጥራ ስንት እፍኝ ይሆናል?” ይሉናል። እኔ “ሃያ!” ስል ዘሃራ ገና ጣቶቿን ትቆጥራለች። ይህን የምጽፈው ልመካበት ነው፤ አልደብቅም።

ፊጥራን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ረመዳን አልቆ የዒድ ሶላት ሳይሰገድ፣ እያንዳንዱ ቤት በነፍስ ቆጥሮ ለድሃ የሚያወጣው እህል ነው። ለአንድ ነፍስ አራት እፍኝ። እፍኙም መካከለኛ እጅ ያለው ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚያፍሰው ነው። በአክስቴ ሰፈር ያ መካከለኛ እጅ የእሳቸው እጅ ነው። ዛሬ ሁሉም ቦታ በኪሎ ይመዘናል፤ የዚያ ሰፈር ሰው ግን ማሽላውን ተሸክሞ እሳቸው ደጅ ይመጣል። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቀደም ደወሉልኝ።

“ነይና አንቺም ዘሃራም ፊቴ ስፈሩ። መስፈሩን ለአንዳችሁ ልስጥና ልረፍ” አሉ።

ገና ሳይነጋ ሱሑሬን በልቼ፣ የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ መናኸሪያ ወጣሁ። ብርድ ነው። ዘሃራ ከአክስቴ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ መናኸሪያ ቆማ አትንቀጠቀጥም። ጉዞው ሳይጀመር በዚህ ተናደድኩ።

ረፋድ፣ ከወልድያ ቁልቁል

ወልድያ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። መንገዱ ወደ ራያ ሜዳ ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ነጠላዬን አውልቄ አጠፍኩት። በግራ የላስታ ተራሮች፣ በቀኝ ርቆ ዞብል፣ መሀል ላይ የማሽላ አገዳ ክምርና የግመል ሰልፍ።

አጠገቤ የተቀመጡት አባ ሙሄ የሚባሉ የጎብዬ ገበሬ ናቸው። ሹፌሩ ወሬ ወዳድ ነው።

“ማሳዎ ምን ያህላል አባ?”

“ስድስት ጥማድ።”

“በሄክታር ስንት ነው እሱ?”

“እሱን የለኩትን ጠይቅ። የእኔ በሬዎች ሄክታር አያውቁም።”

“አንድ ተኩል” አልኩ እኔ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብለው ነው የሚያስሉት።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። “እትዬ፣ መሐንዲስ ነዎት እንዴ?”

“ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ የቀረውን ሱቅ አስተማረኝ። ድሮ ገዢ ስምንት ክንድ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ አራት ሜትር ነው የሚለኝ። ክንድ ብል ልጆቹ ይስቃሉ።”

“የማን ክንድ ነው ግን? የእርስዎ ነው የገዢው?”

“የገዢው።”

አባ ሙሄ ጉልበታቸውን መቱ። “ለዚህ እኮ ነው ገበያ ሲኬድ ረጅሙ አጎት የሚጠራው። የእኛ ቤት አጎት ሌላ ሥራ አልነበረውም።”

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ስለ እጅ ልክ ማሰብ ጀመርኩ፤ አልወደድኩትም።

ጎብዬ

ገበያ ነው። ሽንኩርት በማዳበሪያ፣ ቲማቲም በሳጥን፣ ሐብሐብ መሬት ላይ ተከምሮ። ሳምቡሳ የሚጠብስ ሰው አጠገብ መቆም ለጾመኛ ፈተና ነው፤ ፈንጠር አልኩ። አንዲት ሴት ቃሪያ ትሸጣለች፤ ኪሎው ሃምሳ ብር። አንዱ ገዢ ሩብ ሲላት ስልኳን አወጣች።

“አሥራ ሁለት ከሃምሳ” አልኳት።

ስልኩን ነካክታ አየች፤ ልክ ነው። “የአንቺስ ጭንቅላት ቻርጅ አያልቅበትም” አለችኝ።

ደስ አለኝ። ይህን ዘሃራ አጠገቤ ሆና ብትሰማ ብዬ ተመኘሁ።

ሮቢት

ሮቢት ላይ ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። የአባቴ እጅ ናቸው፤ ሰፋፊ፣ ጣታቸው ረጅም። ገጠም አድርጌ፣ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ጎበጥ አድርጌ ሞከርኩ። እንዲህ ከያዝኩ ያንሳሉ፤ መካከለኛ ይመስላሉ። እስከ ቆቦ ጣቶቼን እያጎበጥኩ እየዘረጋሁ ተለማመድኩ። አባ ሙሄ ጎብዬ ወርደዋል እንጂ ያመመኝ ይመስላቸው ነበር።

ቆቦ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ

ባጃጁ ደጃፍ አደረሰኝ። ዘሃራ ወጥታ ቦርሳዬን ተቀበለች። “መንገዱ እንዴት ነበር እህቴ? አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ጾም መፍቻው አፍጥሪያ ሩቅ አይደለም” አለች። ቆንጆ ናት፤ ሻርፗም ያምራል። ምንጣፉ የት እንዳለ፣ ሰፌዱ የት እንደሚሰቀል ያውቃሉ እጆቿ። እኔ ቆሜ እንግዳ ሆንኩ።

አክስቴ በር ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው ሐዋ ማሽላዋን ይዛ መጥታለች።

“ዘጠኝ ነፍስ ነን” አለች።

“ሠላሳ ስድስት” አልኩ። ዘሃራ ስልኳን ገና ከጡቷ ስር እያወጣች ነበር።

“አዩ አክስቴ? ስሌቱን እንኳ አትችልም።”

ዘሃራ ሳቀች። “ወላሂ ልክ ነች፤ ድሮም ቀዳሚዋ እሷ ነች።” አለመናደዷ ይበልጥ አናደደኝ።

አክስቴ ግን ሰፌዱን ወደ እኔ ገፉ። “እስቲ ስፈሪ።”

የተለማመድኩትን አደረግኩ። ጣቶቼን ጎበጥ አድርጌ አራት ጊዜ አፈስኩ። አክስቴ የሰፈርኩትን በራሳቸው እጅ መልሰው ሰፈሩት፤ ቀስ እያሉ፣ መንቀጥቀጡ እስኪቆም እየጠበቁ። ከአራተኛው በኋላ ሰፌዱ ላይ ማሽላ ቀረ።

“ይተርፋል” አሉ።

“መትረፉ ለድሃው አይደል?”

“ሰጪዋስ? ሐዋ ሰባት ልጅ አላት። በአንቺ እፍኝ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ከታፈሰባት፣ ዒድ ላይ ልጆቿን ምን ታበላለች? ከግዴታው በላይ መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ እኛ ግን አናስገድድም።”

ሐዋ መሬት መሬት አየች። እኔም።

ዘሃራም በተራዋ አራት እፍኝ አፈሰች፤ የእሷንም መልሰው ሰፈሩት። በአራተኛው እፍኝ አለቀ፤ አንዲት ፍሬ አልቀረም።

“ዘሃራ ትስፈር” አሉ አክስቴ።

አፍጥሪያ ላይ ዘሃራ ሾርባ ጨምራ ስታቀብለኝ የማየው እጇን ነበር። ትንሽም ትልቅም አይደለም። ምንም ሳትለፋ የተሰጣት።

የዒድ ዋዜማ፣ ቆቦ

ሰው ከጠዋት ጀምሮ መጣ። ዘሃራ ትሰፍራለች፤ ሰዉ “እጅሽ ይባረክ” ይላታል። እኔ ከኋላ ቆሜ ቁጥሩን እጠራለሁ። “ሰባት ነፍስ? ሃያ ስምንት። አሥራ አንድ? አርባ አራት።” የጠየቀኝ የለም። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው “ይቺ ደግሞ ማን ናት?” አሉ። “ከደሴ የመጣች ናት” አሏቸው። በዒድ ማግስት ተመለስኩ። ጎብዬም ሮቢትም ሳልወርድ አለፍኳቸው።

ደሴ

ከዚያ በኋላ የሆነውን አክስቴ ናቸው በስልክ የነገሩኝ። ዘሃራ ቅሎች ገዝታ፣ በእያንዳንዱ የራሷን አንድ እፍኝ ማሽላ ጨምራ፣ ማሽላው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጋ ሲሞላ ልክ አንድ እፍኝ እንዲሆን እዚያው ላይ አፉን በቢላ ቆረጠች። በሰፈሩ ቤት ሁሉ ዞራ አንድ አንድ ቅል አደለች። ለእኔም በሚኒባስ ላከችልኝ። በተከታዩ ረመዳን ሰው ሁሉ በየቤቱ በቅሉ ሰፈረ፤ አክስቴ ደጅ ማሽላ ይዞ የመጣ አልነበረም።