ባዶ ግድግዳ የምታነበው ልጅ

የሳሙና ካርቶን ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ዛሬም እጄን መቀስ ያሰኘዋል። ባለፈው ላንቻ አንድ ሱቅ በር ላይ ተከምሮ አገኘሁትና ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ "እህት፣ ምን ልስጥሽ?" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ላንቺ ግን ላውራሽ።

ሃያ ዓመት በቅጡ ሳይሞላኝ ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ክፍላችን በቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚሾልከው ፀሐይ ልጆቹ ፀጉር ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ከምሳ ዕቃዎቹ የፓስታ ሽታ ይመጣል፣ ከውጭ ደግሞ "ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!" የሚለው የታክሲ ረዳት ጩኸት።

የክፍሉ ኮከብ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ነበረች። መጠቆሚያ እንጨቷን ይዛ የፊደል ገበታው ፊት ትቆምና ከሀ እስከ ፐ በዜማ ታንበለብለዋለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳይሬክተሯ የሚያስጠሩት እሷን ነበር። እኔም አፌን ከፍቼ እሰማት ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።

አንድ ቀን ግድግዳው ቀለም ሊቀባ ገበታው ወረደ። ልጅቷ እንደ ልማዷ እንጨቷን አንስታ ወደ ፊት ወጣች። "ገበታው የለም እኮ የኔ ቆንጆ" አልኳት። "ምን ችግር አለው ቲቸር? እኔ እችለዋለሁ!" ብላ ባዶውን ግድግዳ እየጠቆመች እስከ ፐ ወረደችው። አንድም አልሳተች! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ግን ጠረጠርኩ። ገበታው ሲመለስ "መ"ን ብቻ ነጥዬ "ይቺ ማን ናት?" አልኳት። በሹክሹክታ ከሀ ጀምራ እየዘመረች ነው እዚያ የደረሰችው። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አታውቀውም ነበር።

ለዳይሬክተሯ ስነግራቸው ቆጣ አሉ። "የወላጆች በዓል ደርሷል። ያማረ ዜማ አለን፣ አታበላሺብኝ።" "እሺ" አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ደግሞ አንዴ ችክ ካልኩ ችክ ነኝ። ከሳሙና ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቆረጥኩና ገበታው ላይ እያንሸራተትኩ እጠይቃት ጀመር። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ ዜማው የማይደርስበት። ኮከቧ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

በማግስቱ እናቷ መጣች። ኡራኤል አካባቢ ካፌ ውስጥ ዕቃ የምታጥብ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። "ልጄን ምን አደረግሽብኝ? ሀ ሁን ጨርሳ የምታውቅ ልጅ 'አላውቅም፣ አላውቅም' እያለች ታለቅሳለች!" የባዶውን ግድግዳ ነገር ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ተብለናል እህቴ። የምንሄድበት ከከተማው ዳር ነው፣ በቅርብ ትምህርት ቤት የለም አሉ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ጓደኞቿ፣ አንቺም፣ እንዴት ብዬ ልንገራት?"

በቃ፣ ሳትሄድብኝ ታነባለች አልኩ። ሌሎቹ ልጆች ምንጣፉ ላይ ሲተኙ እኛ ሁለታችን በካርቶናችን እንቀመጣለን። ስትሳሳት እንደገና፣ ስታለቅስ እንባዋን ጠርጌ እንደገና። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያዘቻቸው። ቃል ላይ ስንደርስ ግን አለቀልን። "ላ… ም…" ትላለች። "አንድ ላይ ሲሆኑስ?" ስላት፣ "ላ እና ም!" ብላ በኩራት ታየኛለች። ወይ አምላኬ! ፀጉሬን መንጨት ያምረኝ ነበር። በበዓሉ ቀን ዘመረች፣ ዳይሬክተሯ ተደሰቱ፣ እኔ ግን ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው። ክረምቱ እየቀረበ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ከእናቷ ጋር ልሸኛት ሄድኩ። አሁን ያ መንደር የለም፣ በላዩ ፎቅ ቆሞበታል። ያኔ ግን ጠባብ መንገድ ነበር፤ ወደ ቤታቸው ስንታጠፍ የትኩስ ቀለም ሽታ ተቀበለን። ቀን ላይ ሰዎች መጥተው በራቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ በትልልቁ በቀይ ጽፈውበት ሄደዋል። እናቷ "መጡ እንዴ?" ብላ አጉረመረመችና የልጅቷን እጅ ይዛ ፈጥና ልታስገባት ሞከረች። ልጅቷ ግን እጇን መንጭቃ ቆመች።

"ይ… ፈ… ር…" ከሀ አልጀመረችም። "ሳ… ል…" ግንባሯን ቋጠረች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ይፈርሳል! ቲቸር፣ ይፈርሳል ይላል!"

ትርጉሙ ገና አልገባትም። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ በትክክል ሲመልስ ሁላችንም እናጨበጭብለታለን፤ እሷም ወደ እኛ ዞራ፣ በወለቀው ጥርሷ እየሳቀች፣ ጭብጨባዋን ትጠብቃለች። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ።

እናቷ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና አጨበጨበች።

"ጎበዝ የኔ ልጅ!" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "እስቲ ድገሚልኝ።"