በምርቃት ያገኘሁት ወንበር

እኔ አሮጌ ወንበር ሳይ እግሬ ይታሰራል። ሌላዋ ሴት ወርቅ ቤት ደጃፍ ላይ እንደምትሆነው እኔ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ እሆናለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶን፣ ያውም ዕጣው ምድር ላይ ጥሎን ስንገባ ባለቤቴ መጀመሪያ ያሰበው ሶፋ ነበር። ሳሎኗን ከግድግዳ ግድግዳ የሚሞላ፣ ሲቀመጡበት እስከ ወገብ የሚውጥ ቡናማ ሶፋ ገዛ። አልከፋኝም፤ ሶፋ የሌለው ቤት እኛ ሰፈር ገና ሰው ያልገባበት ነው የሚመስለው። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች ግን እኔ ነኝ የምመርጠው ብዬ ድርቅ አልኩ።

ሳሪስ አቦ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚሸጡ አንድ ወሎዬ ነጋዴ አሉ። ቆራሌዎች የሚለቅሙትም፣ ቤት የሚለቅ ሰው የሚሸጠውም እሳቸው ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መደገፊያው በአበባ የተቀረጸ ወንበር አይቼ ልቤ ጥፍት አለ። ሰውዬው ፈገግ አሉና ወንበሩን ገለበጡት። ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ቡን አለ፤ ለካ ነቀዝ ጨርሶታል። ከዚያ ወዲህ አበባ አያታልለኝም። መጀመሪያ እገለብጣለሁ። ከዚያ መጋጠሚያውን አያለሁ፤ በእንጨት ቁልፍ ተያይዞ እንደሆነ ደስ ይለኛል፣ ሚስማር ከበዛበት አንዱ ሰነፍ ጠግኖታል ማለት ነው። በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ወገቤን ግራ ቀኝ እንጣለሁ። መንገደኛ ቆሞ ይስቅብኛል፤ ይሳቃ!

እንዲህ እያልኩ በሦስት ቅዳሜ አራት ወንበር መረጥኩ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዱ መቀመጫው በጠፍር የተጠለፈ ነው። ሌላው የሆነ መሥሪያ ቤት ንብረት የነበረ ሲሆን ሆዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ልጭን ስል፣ አራት ወንበር ገዝቼ ያለ ምርቃት አልሄድም ብዬ ወገቤን ያዝኩ። ሰውዬው ዙሪያቸውን ቃኙና ከጥግ አንድ ባለ ክንድ ወንበር ጎትተው አመጡ፤ ከፍ ያለ፣ ግትር ያለ፣ አንድ እግሩ የላላ። እውነቱን ልናገር፣ አስቀያሚ ነበር። ግን በነፃ የመጣ ነገር ይመለሳል እንዴ? ፒካፑ ላይ ከሌሎቹ ጋር ጫንኩት።

ጎረቤቴ አምስቱን ወንበር ሳወርድ አይታ፣ ቆራሌው ነው ከአንቺ የሚገዛው ወይስ አንቺ ነሽ ከቆራሌው የምትገዢው አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ቤታችን ሙዚየም ሆኗልና የመግቢያ ትኬት መቁረጥ ሊጀምር እንደሆነ ነገረኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የላላውን እግር ነቅዬ አሮጌውን ኮላ ፋቅሁ፤ አዲስ ቀብቼ በገመድ ጥፍር አድርጌ አስሬ ሁለት ቀን አስቀመጥኩት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ሳጠጣው ትንሽ ሰው መሰለ። ቢሆንም ለሳሎን አልበቃም ብዬ ኩሽና አስገባሁት፤ ሽንኩርት ስልጥ እቀመጥበታለሁ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ አቃቂ ክር ፋብሪካ ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለው አሮጌ ቤታችን ውስጥ ብቻውን ይኖራል። አብረኸን ኑር ብለው በጄ አይልም። የቀረችን እሑድ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በታክሲ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ከባለቤቴ ጋር ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። እኔ ደግሞ ድስት እያማሰልኩ የሁለቱን ጭቅጭቅ እሰማለሁ። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም።

አባቴ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ብድግ ይላል። ባለቤቴ እጁን ይዞ ሶፋው መሃል፣ ከሁሉ የሚመቸው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ከጀርባው ትራስ እጨምርለታለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ወንበሮች ሊያዘነብል ሲል፣ ኧረ እንዴት ተደርጎ ብለን ለሁለት መለስነው። አባትን ሶፋ እያለ አሮጌ እንጨት ላይ ማስቀመጥ! ጎረቤት ቢያይስ? ሊሄድ ሲል ደግሞ ባለቤቴ ዘሎ በብብቱ ይዞ ያነሳዋል። እኔም ምን ዓይነት ሰው አክባሪ ባል ሰጠኝ እያልኩ እኮራለሁ።

ከዚያ አባቴ መምጣቱን መቀነስ ጀመረ። አንድ እሑድ መጣና በር ላይ እንደ ቆመ፣ ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ሙዝ ሰጥቶን ተመለሰ። በሚቀጥለውም እንደዚሁ። ከዚያ ሦስት እሑድ ተከታትሎ ቀረ። ስደውል ጉዳይ ነበረኝ ይላል። የጡረተኛ ጉዳይ ምንድን ነው? ያኮረፈ መስሎኝ ባለቤቴ ላይ ዞርኩ፤ ምን ብለኸው ነው፣ በኳሱ አብዝተኸዋል ብዬ ለያዥ ለገናዥ አስቸገርኩ። ምስኪኑ ምንም እንዳላለ ቢምል ቢገዘት አላመንኩትም። አባቴን እያጣሁት እንደሆነ ነበር የሚሰማኝ፤ እሑድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ አልቅሻለሁ።

በአራተኛው እሑድ፣ አይመጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ፣ የሶፋውን ልብስ አጥቤ ትራሱን ሁሉ ደጅ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። የጠረጴዛው ወንበሮች ላይ ደግሞ ያጠብኩትን አንሶላ እንዲደርቅ አንጥፌያለሁ። በሩ ተንኳኳ፤ አባቴ። የማደርገው ጠፋኝ። እንዳይመለስብኝ ፈርቼ ከኩሽና ያንን አስቀያሚ ወንበር ጎትቼ አመጣሁና፣ ይቅርታ አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ ቻለው አልኩት።

ተቀመጠ። ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሻይ ጠጣ። ምሳ በላ። ስለ ኳሱ ባለቤቴን አፋጠጠው፣ ባለቤቴም እኔን በጎሪጥ እያየ ለጥንቃቄ ተሸነፈለት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ሰው ይጠብቀኛል የሚል ነገር የለም። እኔ ነገሩ አልገባኝም፤ ብቻ ደስ ብሎኝ የእራቱን ጎመን አሳረርኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልሂድ አለ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ሊያነሳው ዘለለ። አባቴ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመው። ከዚያ ሁለት እጁን የወንበሩ ክንዶች ላይ አሳርፎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ቀስ ብሎ ብቻውን ተነሳ። ቀጥ ብሎ ቆመና አየን።

«ከሶፋው ላይ እኮ ጉልበቴ አያነሳኝም» አለ። «የሰው ልጅ በብብቴ ይዞ ሲጎትተኝ፣ በልጄ ፊት፣ አፈርኩ።»

ክው አልኩ። ለምን አልነገርከንም አልኩት።

«እንዲያ ደስ ብሏችሁ ያስቀመጣችሁኝን ቦታ እንዴት እንቢ ልበል?»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ሳቅና ልቅሶ ተደባልቀውብኝ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። የታክሲ ሰልፉ ሳይረዝም እንሸኝህ ብለን ኮቱን አቀበልነው። አባቴ ኮቱን ተቀበለና ወንበሩን ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ኮቱን መደገፊያው ላይ አንጠለጠለው።

«መነሳቱን ካልፈራሁትማ፣ ትንሽ ልቆይ» አለና ተመልሶ ቁጭ አለ።